አግድም የተቀበረ ግንድ

ኢቲዳል ድንኳን ስትተክል ያየ ሰው መቃብር የምትቆፍር ይመስለው ነበር። በአራቱም ማዕዘን ክንድ የሚውጥ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ አንድ አንድ አጭር ግንድ አግድም ታስተኛለች፤ ገመዱን የግንዱ ወገብ ላይ ታስርና አፈሩን መልሳ በእግሯ ትረግጠዋለች። ካስማ የሚባል ነገር አጠገቧ አይደርስም። አሶሳ የአዲሱ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ በሚደረገው የሥዕልና የእደ ጥበብ ባዛር፣ ሌላው ነጋዴ ድንኳኑን አቁሞ ሻዩን ሲጠጣ እሷ ገና ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ናት። አስተባባሪዎቹ "ሜዳውን አበላሸሽው!" እያሉ ይጮኹባታል። ትሰማቸዋለች፤ ትቆፍራለች። የሽመል ቅርጫቶቿንና የተቀረጹ ቅሎቿን የምትደረድረው ከዚያ በኋላ ነው።

ካስማን የጠላችው በከንቱ አልነበረም። እሷና ባሏ ጀዕፈር ወርቅ ቆፋሪዎች ነበሩ። አንድ ቀን ጀዕፈር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ አፈር የሞላውን ግማሽ በርሜል ሲስብ፣ ገመዱ የታሰረበት ካስማ ከእርጥቡ መሬት ሰተት ብሎ ወጣ። ከታች ሰው አልነበረም፤ በርሜሉ ቢወድቅ የሚጎዳው በርሜሉ ብቻ ነበር። ጀዕፈር ግን የሦስት ቀን ልፋቱን አልለቅም አለ። ኢቲዳል አጠገቡ ዶማ ይዛ ቆማ "ልቀቅ! ልቀቅ!" እያለች ጮኸች። ገመዱ እየጎተተ ወስዶ ራሱን ከጉድጓዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር አጋጨውና ይዞት ወረደ። ሬሳውን ሲያወጡት ገመዱ ከጭብጡ አልወጣም። እሷን ዕድሜዋን ሙሉ ያንገበገባት ሞቱ ብቻ አይደለም፤ ዶማው በእጇ ነበር፤ እጁን ብትመታው ይለቅ ነበር።

ባዛሩ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት የድንኳን ጎረቤቷ ደባልቄ ሆነ፤ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የሥዕል መምህር። የዓመት ድካሙን፣ አሥራ አንድ ሥዕል፣ ተሸክሞ መጣና ድንኳኑን በአራት አጫጭር ፌሮ ቀጥ አድርጎ ቸነከረው። ከድንኳኑ ጀርባ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ለአዲስ ቢሮ የተቆፈረ መሠረት አለ፤ ከውስጡ ፌሮው እንደ እሾህ ቆሟል።

"ኡስታዝ፣ ይሄ ብረት አጭር ነው። ንፋስ ይመጣል፣ ይነቅላል። ግንድ አለኝ፣ ውሰድ፣ ቅበር" አለችው።

"እትዬ ኢቲዳል፣ እኔ ሥዕል ልሸጥ እንጂ ሬሳ ልቀብር አልመጣሁም!" ብሎ ሳቀ። በዙሪያው ያለው ሁሉ አብሮት ሳቀ።

በንዴት አንዱን ፌሮ በእግሯ መታችው። ተወዛወዘ።

"አየህ?"

"አየሁ፣ አየሁ" አለና ድንጋይ አስደገፈበት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

መከራው ከቀትር በኋላ መጣ። ሰማዩ በባምባሲ በኩል ጠቆረ፤ ንፋሱ ገና ዝናቡ ሳይደርስ ሜዳውን ገረፈው። ሸራዎች ተተረተሩ። አንድ ቋሚ ብረት ተነቅሎ የሻይ ሻጩን ትከሻ ሰበረው፤ የፈላው ማንቆርቆሪያ እግሩ ላይ ተደፋ፤ ጩኸቱን ንፋሱ ወሰደው። የደባልቄ አራቱም ፌሮዎች ባንዴ ተነቀሉ። በገመዳቸው ጫፍ እየተወናጨፉ ያገኙትን ይገርፉ ጀመር፤ አንዱ የደባልቄን ግንባር ቀደደው። እሱ ግን ደሙ ዓይኑ እየገባ ሥዕሎቹ የተንጠለጠሉበትን ቋሚ በሁለት እጁ አንቆ ያዘ። ድንኳኑ ተነሳ፤ እያዳፋ ወደ መሠረቱ ጎተተው።

ኢቲዳል ዶማዋን ይዛ ሮጠች።

"ልቀቅ!"

"ሥዕሎቼ!"

ሁለተኛ አልጮኸችም። ዶማውን ገልብጣ በእጀታው የቀኝ ጣቶቹን ከብረቱ ጋር ደቆሰቻቸው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው። ግራውን ልትደግመው ስታነሳ ለቀቀና ወደቀ። ድንኳኑ ሥዕሎቹን እንደያዘ በረረና መሠረቱ ውስጥ የቆመው ፌሮ ላይ ተሰካ።

ደባልቄ ተነሥቶ በግራ እጁ በጥፊ አፏን አደማው። "ሰዓሊ ነኝ እኮ! ቀኝ እጄን! ቀኝ እጄን!" እያለ ሊደግማት ሲል ሰዎች ያዙት።

እሷ ደሟን ተፋችና "ጀዕፈር አልመታሁትም" አለች። ማንም አልገባውም።

በዓመቱ ግንቦት ደባልቄ ሁለት የተጣመሙ ጣቶቹን ይዞ መጣ። ሥዕሎቹን መሬት አስቀምጦ ዶማዋን ለመናት፤ በግራው እያጠበቀ፣ እየተሳደበ፣ አራት ጉድጓድ ቆፈረ። አስተባባሪዎቹ ሲጮኹ አልሰማቸውም።

"ጀዕፈር ማን ነው?" አላት ላቡን እየጠረገ።

ኢቲዳል ግንዱን አነሣች። "ባሌ ነው። ልቀቅ ብቻ አልኩት።"

ደባልቄ ጣቶቹን አየ። ከዚያ ግንዱን ተቀብሎ ጉድጓዱ ውስጥ አግድም አስተኛው።