በለሜሳ ካሴት ላይ የቀረው ሳቄ

ባለፈው ቅዳሜ ከሸነን ወደ አምቦ በሚኒባስ ስንመለስ ነው፣ የልጅ ልጄ ሲፈን ስልኳን ጆሮዬ ላይ የደቀነችው። የጠፋ ካሴት ሁሉ ዛሬ ስልክ ውስጥ ይገኛል አሉ። ክራሩ ገና ሲመታ አወቅኩት። «አኮ፣ እዚህ ጋ አንዲት ሴት ትስቃለች፤ ስሚማ!» አለችኝ፤ አያቷን «አኮ» ነው የምትለኝ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ያኔ ገና ወጣቶች ሳለን፣ የአክስቴ ልጅ ለሜሳ እናቱን በክረምት ቀበረ። መስከረም ሲጠባ ዘፈን አወጣላትና፣ አምቦ ካሴት ቤት የነበራቸው ጋሽ ተፈራ እንዲቀዱለት ወይፈኑን ሸጠ። እኔ የዘፈኑ ተቀባይ ነበርኩ፤ ያኔ ድምፄ እንዲህ አልሻከረም። ጭቃውን እያቦካን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን አምቦ ገባን። እንደዚያ ዘመን በቆሎ የሚጣፍጥ የለም፤ ወይም ጥርሴ ይሆናል የተለወጠው።

ጋሽ ተፈራ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ የጓዳቸውን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍነውታል። «ብትሳሳቱ መልሼ አልቀዳም፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ» አሉን። ለሜሳ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። የእናቱን ሕመም ሲያነሳ፣ ድንገት አንዱ ብርድ ልብስ ከሚስማሩ ተላቆ ጋሽ ተፈራ ራስ ላይ ዱብ! ሰውዬው ድምፅ እንዳያሰሙ ብለው እንደተሸፈኑ ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸው ብቻ ከስር ወጥቶ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። አፌን በነጠላዬ ባፍነው ባሰበት።

«ግድ የለም፣ ማንም ልብ አይለውም» አሉን ጋሽ ተፈራ በኋላ።

በገበያ ቀን በሞንታርቦ ለቀቁት። ሰዉ ተሰብስቦ፣ ያ ቦታ ሊደርስ ሲል «አሁን! አሁን ትስቃለች!» ይባባላል፤ ከዚያ ገበያው በሳቅ ይናወጣል። አንድ ገበሬ ተጋፍቶ መጣና «አንተ ባለ ክራር፣ ያቺን የምትስቀዋን ስጠኝ እንጂ!» አለው። ለሜሳ ካሴቱን በእጀጌው ጠርጎ ሰጠው። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «የእናቴን ለቅሶ ገበያ አወጣሁት ብዬ ሳፍር ነበር የሰነበትኩት፤ ለካ የሸጥኩት ያንቺን ሳቅ ነው፣ አስካለ» አለኝ። ቀልዶ ይሆን? ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም። ጋሽ ተፈራ «ሁለተኛ እንሥራ፣ እሷም ትሳቅበት» ብለው ቢለምኑት እምቢ አለ። ሌላ ካሴት ሳያወጣ አረፈ።

ሲፈን ስቃ ስልኩን ልትዘጋው ስትል እጇን ያዝኳት። «ተይው፣ ይጨርስ።»

ከሳቁ በኋላ ያለውን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሲቀዳ እኔ እየሳቅኩ ነበር፤ ገበያ ላይ ደግሞ ሰዉ። ለሜሳ አላቋረጠም። ያችኑ አንዲት ምት ደጋግሞ እየመታ፣ ሳቄን እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ጫልቱ፣ እናቴ» ብሎ ጠራት። ዕድሜ ልኬን በመሳቄ ስሸማቀቅ ኖሬያለሁ፤ ይህችን ጥሪ ሳልሰማት መቅረቴ ግን ከዚያ የባሰ አሳፈረኝ።

«አኮ፣ ማናት ጫልቱ?» አለች ሲፈን።

«አክስቴ ናት» አልኳት። ስለ ሳቂዋ ሴት ግን፣ አሁንም አፌ አልታዘዝ አለኝ።