አባቴን አሳፍሬ የዞርኩበት ሜዳ

መኪናዬን የገዛኋት ከአንድ የወልድያ ምስር ነጋዴ ነው። ነጭ ዲኤክስ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ ብዙም አይርቅም፤ ከኋላ በሮቿ አንዱ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም፤ ፀሐይ ሲመታት መቀመጫዋ እስካሁን ምስር ምስር ይሸታል። ሰቆጣ ውስጥ መንዳት የጀመርኩ ሰሞን ተማሪዎቼ "ቲቸር! ቲቸር!" እያሉ ከኋላዬ ይሮጡ ነበር። መሮጣቸውስ ባልከፋ፤ ግን ይደርሱብኛል። ደርሰውብኝ፣ አልፈውኝ፣ ጥግ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እንደዚያ ነበር የምነዳው።

አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ድምፃቸው አሁንም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድረስ ይሰማል፤ ዓይናቸው ግን ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ ነበር። መኪናዬን መኪና ብለው ጠርተዋት አያውቁም። "በቅሎዋ ውሃ ጠጣች?" ይሉኛል፤ ራዲያተሯን ማለታቸው ነው። ጠዋት አልነሳ ስትልም "ዛሬ አኩርፋለች፣ አትጫኚያት" ይላሉ። እናቴ "ኧረ ይተዉ፣ ሰው ይስቅብናል" ስትላቸው፣ "ይሳቅ፤ የሚስቅ ሰው ጤነኛ ነው" ብለው ይመልሱላታል።

ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ መኖሩ ታወቀና ለቀዶ ሕክምና ወደ ወልድያ ይዣቸው ወረድኩ። ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች እግሬን ፍሬኑ ላይ እንደጫንኩ ነው የወረድኩት። መሐል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ወዲያው ፔዳሉ እንደ ጭቃ ልስልስ አለና ወደ ታች ሰመጠ። መኪናዋ መቆም ሲገባት መሄዷን ቀጠለች። በቀኜ ገደል ነው፤ ከሥር ወንዙ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። እጆቼ መሪው ላይ ደርቀው ቀሩ። ደግነቱ ከፊታችን መንገዱ ወደ ዳገት ይዞር ነበርና ዳገቱ ላይ ቀስ እያለች በራሷ ቆመች። አባቴ ስለማያዩ የሆነውን አላወቁም። "ምነው፣ ደረስን?" አሉኝ። "አልደረስንም አባ፤ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው" አልኩና ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፍሬኑ ቀዝቅዞ መልሶ እስኪይዝ ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም።

ሕክምናው እግዚአብሔር ይመስገን ተሳካ። ፋሻው የተነሳ ዕለት አባቴ መጀመሪያ ያዩት የእኔን ፊት ነው። ቆይተው አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ ሸበትሽ እንዴ?" አሉኝ።

ሰቆጣ እንደተመለስን መኪናዋን ወደ መካኒክ ወሰድኩ። ይህ ሰው የከተማችን ልጅ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ እዚያም በመኪና ይወዳደር ነበር። እናቱን ለመጦር ተመልሶ መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ከፍቷል። ጎማዎቹን አውልቆ አየና ሳቀ።

"የፍሬን ሸራው ተቃጥሎ አልቋል። እግርሽን ሳታነሺ ነው የወረድሽው፣ አይደል?"

"ሌላ በምን ይወረዳል?"

"ማርሽ ቀንሰሽ፣ ሞተሩ እንዲይዛት አድርገሽ ነዋ! አይዞሽ፤ እኔም ይህን ያወቅሁት የሰው መኪና ገልብጬ ነው።" እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቤ ተቀመጠ። "መኪናሽን ትወጃታለሽ እንጂ አታውቂያትም። ምን ያህል እንደምትሮጥ፣ ስትሮጥ ቆይታ በምን ያህል እንደምትቆም፣ የት ላይ እንደምታንሸራትት አታውቂም። ይሄን ደግሞ ሰው ገደል አፋፍ ላይ አይማረውም።"

"የት ነው የምማረው ታዲያ?"

የሚጠብቀው ይህን ጥያቄ ነበር መሰለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገድ ሠሪዎች ካምፕ አድርገውት የነበረ ሰፊ ሜዳ አለ። ደልድለው ጠጠር አልብሰውት ሄደዋል፤ እህል አይበቅልበት፣ ከብት አይግጥበት። መካኒኩ ማዘጋጃ ቤቱንም ትራፊክ ፖሊሶቹንም ደጅ ሲጠና ከርሞ ፈቃድ አግኝቷል። ያሰበው በከተማው መኪና ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብስቦ፣ የራሱን መኪና እስከ ልኳ የሚነዳበት ቀን ነው።

"ውድድር አይደለም" አለኝ። "ማንም ማንንም አይቀድምም። ሁሉም በተራው ብቻውን ይዞራል። የሚሸለምም የሚሸነፍም የለም።"

"ለእኔ አይሆንም" ብዬው ሄድኩ። ቤት ገብቼ ነገሩን እንደ ቀልድ ሳወራ አባቴ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ።

"መቼ ነው?"

"ከጥምቀት በኋላ ነው አሉ። ግን አልሄድም።"

"ትሄጃለሽ እንጂ። እኔም አያለሁ። ይሄ ዓይን የተገዛው ግድግዳ ሊያይ ነው?"

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አውድማው ሁሉ ተወቅቶ አልቋል፤ ሰውም ጊዜ ነበረው። ሜዳው ላይ ስንደርስ አሮጌ ጎማዎች ኖራ ተቀብተው በዙሪያው ተደርድረዋል። አንድ ረጅም ቀጥታ፣ ሁለት ሰፋፊ ኩርባዎች፣ መጨረሻው ላይ አንድ ጠባብ መታጠፊያ። የመጣው መኪና ብዛት አልነበረውም፤ የሰሊጥ ነጋዴው ላንድክሩዘር፣ የእንስሳት ሐኪሙ ፒካፕ፣ ሁለት ሚኒባሶች፣ አንዳንድ የእኔ ቢጤ ዲኤክስ። አንድ የባጃጅ ሹፌር "እኔስ?" ብሎ ቢለምን "ለሦስት እግር ሌላ ቀን ይፈለግልሃል" ተብሎ ተመለሰ። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መንገድ ሠሪዎቹ የተዉት አፈር ክምር ላይ ተደርድሯል። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ይዞ መግቢያው ላይ ቆሟል። አባቴ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ከፖሊሱ ጎን ቦታ ያዙ።

ተራዬ ሲደርስ መካኒኩ አጠገቤ ገባ። የሞተር ሳይክል ሄልሜት አደረገልኝ፤ ቀበቶዬን ራሱ ሳብ አድርጎ ፈተሸው።

"ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርሻት" አለኝ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ንጂያ!"

ቀጥታው ላይ ነዳጁን ረገጥኩ። ሞተሩ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ አወጣ። ኩርባው ከገመትኩት በላይ ፈጥኖ መጣብኝ። ደንግጬ እየታጠፍኩ ፍሬን ያዝኩ። የመኪናዋ ኋላ ከእኔ ተለይቶ በራሱ መንገድ ሄደ፤ ሰማዩ፣ አፈር ክምሩ፣ ሰዉ በመስኮቴ ዞሩ፤ ሞተሩ ጠፋ። አቧራው ሲከበን ከወዲያ ማዶ የሕዝቡ ሳቅና ጩኸት መጣ። ከሁሉም በላይ ግን የአባቴ የድጓ ድምፅ ተሰማ። "ደኅና ነሽ ወይ?"

"ደኅና ናት!" ሲል መካኒኩ በመስኮት መለሰላቸው። ወደ እኔ ዞሮ "ምን ሆንሽ?" አለኝ።

ራሴን ዳሰስኩ። "ምንም።"

"መኪናዋስ?"

"ምንም።"

"በይ፣ የምታንሸራትትበትን ልክ አወቅሽ። አሁን ስሚኝ። ፍሬን የሚያዘው መንገዱ ቀጥ ባለበት ነው። ኩርባው ሳይደርስ ጨርሰሽ ትቀንሻለሽ፤ ከዚያ ለቀሻት ትታጠፊያለሽ። ዓይንሽ ደግሞ ጎማው ላይ አይሁን፤ የምትወጪበትን እዪ። እጅሽ ዓይንሽን ይከተላል።"

ደጋግመን ዞርን። ፍርሃቴ የቱ ጋ እንደወረደ አላውቅም። አሮጊት ናት ብዬ ሳዝንላት የኖርኩት መኪና እኔን ስትጠብቅ የኖረች መሰለች። ልክ ቦታ ላይ ስይዛት ትቆማለች፤ ልክ ቦታ ላይ ስለቃት ትታዘዛለች። የመጨረሻውን ጠባብ መታጠፊያ አንዴ አሳምሬ ስወጣ ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም ሳላስበው ጡሩንባ ነፋሁላቸው።

ስቆም አባቴ ዣንጥላቸውን አጥፈው ወደ መኪናዋ እየመጡ ነበር።

"አሁን እኔ ልግባ።"

መካኒኩ ወርዶ ፊታቸው ቆመ። "መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓይንዎ ገና…"

"ዓይኔ ድኗል። ሐኪሙ እንደ ልብህ ሁን ብሎኛል። ከፈለግህ የዚያ ፖሊስ ሸሚዝ ስንት ቁልፍ እንደጎደለው ልንገርህ።"

ፖሊሱ ሸሚዙን ጎንበስ ብሎ አየ።

"ዕድሜዎስ፣ መሪጌታ?"

"ዕድሜዬ አይነዳም። የምትነዳው እሷ ናት።"

መካኒኩ አየኝ። እኔም አባቴን አየኋቸው። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ ለበዓል ልብስ እንደተገዛለት ሕፃን ፊታቸው በርቷል። "ቀስ ብዬ አዞራቸዋለሁ" አልኩት። ሄልሜቱ አልገባ ስላላቸው ጥምጥማቸውን ፈትተው ለፖሊሱ አስያዙት። ፖሊሱ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ጥምጥሙን በሁለት እጁ ታቅፎ ቀረ።

የመጀመሪያውን ዙር እንደ ወትሮዬ ነዳሁ።

"ይኸው ነው?" አሉኝ። "ይሄንማ እግረኛም ያደርገዋል።"

"ልጨምር እንዴ አባ?"

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

ጨመርኩ። ቀጥታውን ጨርሼ፣ ቀንሼ፣ ሰፊውን ኩርባ ስታጠፍ አባቴ በአንድ እጃቸው ከላይ ያለውን መያዣ፣ በሌላው መቋሚያ የያዙ ይመስል ጉልበታቸውን ጨበጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ጣል ባደርግ ሳቅ ነው። ድምፁን ውጠው እየሳቁ ነው። ከዚያ በኽምጣንጛ መናገር ጀመሩ። አባቴ በእናታቸው ቋንቋ የሚናገሩት በጣም ሲናደዱ ወይም በጣም ደስ ሲላቸው ነው።

ቀጥታው ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ስንደርስ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመኪናዋ ኮፈን ተስፈንጥሮ ተነሣና የፊት መስታወቱ ላይ ተደፋ። ከፊቴ ያለው ዓለም በሙሉ ነጭ ብረት ሆነ። ምንም አይታየኝም።

"አባ!" ብዬ ጮኽኩ።

እግሬ ፍሬኑን ሊረግጠው ቸኩሎ ነበር። "ቀጥ ባለበት" የሚለው የመካኒኩ ቃል በጆሮዬ አለ፤ ግን ቀጥታው የት እንደሚያልቅ በምን ልወቅ? በዚህ ጊዜ አባቴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተዋል።

"ቀጥ በይ! ቀጥ! ወደ እኔ ትንሽ… ወደ እኔ! በቃ! አሁን ያዢ!"

መሪውን ሳላወላውል ፍሬኑን ቀስ እያልኩ አጠበቅሁት። ጠጠሩ ከሥራችን ተንኳኳ። ቆምን። አቧራው ሲገለጥ በኖራ የተቀቡት ጎማዎች ከፊታችን፣ እጅ ቢዘረጋ የሚነኩ ሆነው ተደርድረዋል።

ከዚያ አባቴ ኮፈኑን በጣታቸው እያመለከቱ "ጆሮዋን አቆመችብን እኮ" አሉ።

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። እጄ ገና ማርሹ ላይ ነው። አባቴ እጃቸውን እጄ ላይ ጣል አደረጉ። በጉባኤያቸው "ጎበዝ" የተባለ ተማሪ የለም። ዜማው ሳይዛነፍ ለወጣለት ሰው የሚሉት ትልቁ ምስጋና "ቀጥል" ነው፤ ይህን ቃል ለማግኘት ዓመት የቆዩ ደቀ መዛሙርት አውቃለሁ። እኔ ሴት ልጅ ነኝና ጉባኤው ላይ አልተቀመጥኩም፤ ቃሉን ከግድግዳ ወዲያ ስሰማው ነው ያደግሁት።

"ቀጥዪ" አሉኝ።

መካኒኩ ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ ደረሰ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ጎማና ፍሬን ስፈትሽ የኮፈኑን መቆለፊያ አላየሁም" እያለ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎነበሰ። አባቴ ትከሻውን ይዘው አቀኑት። "እሷ ነድታ፣ እኔ መርቼ፣ አንተ አስተምረህ፣ እግዚአብሔር ጠብቆ ወጣን። ለማን ምን ጥፋት ተረፈ?" አሉት። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው የሁሉንም መኪና ኮፈን እየዞረ በገመድ ሲያስር ዋለ።

የእኛንም በገመድ ጠፍሮልን ወደ ቤት ነዳን። እናቴ በር ላይ ነበረች። ገመዱን አየች፤ ሁለታችንንም ከራስ እስከ እግር ነጭ አቧራ እንደለበስን አየች፤ የአባቴ ጥምጥም በፖሊስ እጅ እንደተጠመጠመ ወዲያው ታወቃት። ሁሉን ነገርናት። አባቴ ሲያወሩ ኮፈኑ ከፍ እያለ፣ ጎማዎቹ እየቀረቡ ሄዱ። እናቴ አልሳቀችም። ለእኔ "አንቺስ አንቺ ነሽ" አለች፤ ለእሳቸው ደግሞ "እርስዎ ዓይን ያስፈለገዎት ሞትን አጥርተው ለማየት ነው?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እራት ቀርቦልን በላን፤ እሷ ግን ከእኛ ጋር አልቀረበችም። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ነው ሴቶቹ መሐል ቆማ "ልጄ እኮ ዓይኗ ተጋርዶ አቆመቻት" ስትል በጆሮዬ የሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ወልድያ ደጋግሜ ወርጃለሁ። ማርሽ ቀንሼ፣ እግሬን እያሳረፍኩ እወርዳለሁ። ገደሉ ያው ገደል ነው፤ እኔ ግን ከሥሬ ያለችውን አውቃለሁ።

መካኒኩ ሁለተኛውን ቀን ሲያዘጋጅ ሜዳው ላይ በጊዜ ደረስኩ። አባቴ ቀድመውኝ በእግራቸው ሄደው ነበር። ብቻቸውን አልነበሩም። የልጅነት ጓደኞቻቸው፣ አንዱ ከደሃና ድረስ የመጡ ቄስ፣ ሌላው የሰፈራችን አዛውንት፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው መግቢያው ላይ ቆመዋል። ትራፊክ ፖሊሱ ሁለት ጥምጥም ታቅፏል።

"ተራ ይዘናል" አሉኝ አባቴ። "እኔ የመጨረሻ ነኝ። እኔ አውቃታለሁና እንግዶቹ ይቅደሙ።"

ቄሱ ቀስ ብለው ገቡ፤ በሩን ዘጋሁላቸው፤ ቀበቶውን አሰርኩላቸው። መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ዳሽቦርዱን ባረኩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ አባቴ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እሱን ካዞርሽበት ይልቅ ትንሽ ፈጠን ይበል" አሉኝ።