ወንበዴውን ዘልዬ ያለፍሁበት ዓርብ

በዚያ የስቅለት ዓርብ ከእኔ ጋር የነበሩትን አስቀድሜ ልጻፍ። የአጥቢያው አገልጋይ የሆኑት አረጋዊ ቄስ ነበሩ፤ በደብረ ወርቅ አብረን የተማርን የልጅነት ባልንጀራዬ ናቸው። ምላሹን የሚመሩ ሁለት ዲያቆናት ነበሩ። ዐይናቸው የጠፋ፣ ዕድሜያቸው ከሁላችንም የሚበልጥ አንዲት መነኩሲት ከምሰሶው ሥር ቆመው ነበር። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርና ታናሽ ወንድሙ ነበሩ፤ ሁለቱም ገበሬዎች ናቸው። እኔ ሰባተኛ ነበርሁ። ከእኛ በቀር ቅጽሩን የሞላው ነጠላ ያጣፋ ሕዝብ ነበረ፤ እርሱን አልቆጠርሁትም።

ባለቤቴ ካረፈች ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ሆኖ ነበር። ስለ እርሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከዚያ ወዲህ በደብረ ማርቆስ አስተምርበት ከነበረው ጉባኤ ተሰናብቼ፣ በቤተ ክርስቲያን ድምፄን አንሥቼ አላውቅም ነበር። በቅዳሴ ጊዜ ከግቢው ጽድ ሥር እቆም ነበር፤ ሕዝቡ ሳይወጣም ቀድሜ እወጣ ነበር። ሐኪም መረመረኝና ምንም የለብህም አለኝ። እኔ ግን ተኝቼ ስነሣም ደክሞኝ ነበር የምነሣው። ትንሽ ስበረታ ወደ አገልግሎቴ እመለሳለሁ እያልሁ ዓመቱን በዓመት ላይ ደረብሁት።

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ቄሱ ደወሉልኝ። ከስልኩ የተሰማኝ ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

«ድምፄ ሄደ» አሉኝ። «ሦስት ቀን አነበብሁና ጉሮሮዬ ተዘጋ። ዓርብን አንተ አንብብልኝ።»

«አባ፣ እኔም እኮ ከእርስዎ አልሻልም።»

«ትሻላለህ ብዬ መች ጠራሁህ? ሌላ ሰው አጥቼ ነው።»

የፈሩትን ነገር ሳይደብቁ ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት በስቅለት ቀን፣ ቀትር ላይ ድምፃቸው ተቋርጦ ንባቡ ቆሞ ነበር። ሕዝቡ ጥቂት ጠብቆ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት አጥቢያ ሄደ፤ ስግደቱንም እዚያ ፈጸመ። ከሄደው ብዙው በትንሣኤም አልተመለሰም። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ፣ አሉኝ ቄሱ፣ ቤተ ክርስቲያኗ መዘጋቷ ነው።

ኀሙስ በሚኒባስ እስከ ይጁቤ ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ዓርብ ጠዋት ወደ ቅጽሩ ስገባ ሁለቱን ወንድማማቾች ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ከከተማ የመጣው መምህር እኒህ ናቸው?» አለ ታናሹ።

«ናቸው።»

«እስከ ቀትር ይደርሳሉ?»

«ወንበር አምጣ» አለ ሊቀ መንበሩ። «ይኼን እያየህ ምን ትጠይቀኛለህ?»

የፕላስቲክ ወንበሩ መጥቶ ከአትሮንሱ ኋላ ተቀመጠ። የነግሁን፣ የማለዳውን ንባብ ቆሜ ጨረስሁ። በሦስት ሰዓቱ ንባብ መካከል ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዲያቆናቱ ምላሹን ሲቀበሉና ሕዝቡ ሲሰግድ እኔ በወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ድምፄ ከቅኔ ማኅሌቱ አልፎ አይወጣም ነበር። በውጭ ያሉት የሚሰግዱት ንባቡን ሰምተው ሳይሆን ዲያቆናቱን አይተው እንደ ነበር ገባኝ።

ቀትር ሆነ። የስድስት ሰዓቱን ንባብ ጀመርሁ። ስለ ችንካሩ አነበብሁ፤ ቆመው ስለሚዘብቱበት ሰዎች አነበብሁ፤ ቅጠሉን ገለጥሁና ስለ ፀሓይ መጨለም አነበብሁ። በዚህ ጊዜ መነኩሲቷ መቋሚያቸውን በወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

«ወንበዴው ወዴት ሄደ?» አሉ።

ከመጽሐፉ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«የቀኙን ወንበዴ ነው የምልህ። ሳይለምን ጥለኸው አለፍህ እኮ፣ አንተ ልጅ።»

ሰባ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ ልጅ ብሎ የጠራኝ አልነበረም። መጽሐፉን ተመለከትሁ፤ እውነታቸውን ነበር። ሁለቱ የብራና ቅጠሎች በጧፍ ሰም ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ እኔም ሁለቱን ባንድነት ገልጬ አልፌአለሁ። ይህን ክፍል በጉባኤ ስንት ጊዜ ያስተማርሁ ሰው፣ አፌ ሲያነብ ልቤ አብሮት ስላልነበረ መዝለሌን አላወቅሁም። መጽሐፍ አንብበው የማያውቁ፣ ፊደሉን ያላዩ መነኩሲት ግን አወቁ።

ቄሱ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «የእኔ ጧፍ ነው» ብለው ሹክ አሉኝ። «አምና የቆምሁት እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉን ይዤ ስታገል ሰሙ ፈሰሰበት።»

«እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ።

«ይቅርታውን እርሱን ጠይቀው» አሉ። «አምናም ሳይለምን ቀረ። ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ፤ ዘንድሮም ልታስቀርብኝ ነው?»

ከሕዝቡ መካከል የሚያጉረመርም ተሰማ። ሁለት ሦስት ሰዎች ጫማቸውን ሲያነሡ በበሩ በኩል አየሁ። ሰሙን በጥፍሬ ፋቅሁት። ብራናው እንዳይቀደድ ቀስ አድርጌ አላቀቅሁት፤ ሲላቀቅም ዓመት ሙሉ ብርሃን ያላየው ጽሑፍ ጥቁሩም ቀዩም ቀለም ሳይደበዝዝ ወጣ።

ወደ ኋላ ተመልሼ ማንበብ ጀመርሁ። ያ ሰው እጁን ማንሣት አይችልም። መስገድ አይችልም። አገልግሎ የሚክስበት አንዲት ቀን እንኳ አልቀረችውም። የቀረው አንደበቱ ብቻ ነበር፤ በዚያው በቀረው ለመነ። ጌታም እስኪበረታ አላስጠበቀውም፤ በዚያው ቀን ተቀበለው። እኔ ግን በመጀመሪያ ብርታት፣ ከዚያ በኋላ ጸሎት ብዬ ስድስት ዓመት ከጽድ ሥር ቆሜአለሁ። ከሊቃውንት የተቀበልሁትን የዚህን ንባብ ትርጓሜ ሁሉ ለተማሪዎቼ አስተላልፌአለሁ፤ ለራሴ ግን አንዱን እንኳ አላስቀረሁም ነበር። በዚያች ሰዓት በልቤ የለመንሁትን እዚህ አልጽፈውም። አጭር ነበር።

የወንበዴውን ልመና ዜማውን ጠብቄ ከፍ አድርጌ ጀመርሁት። መጀመሪያ ድምፄ ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ስደግመው ከግድግዳው ተመልሶ ወደ እኔ መጣ፤ የማን ድምፅ ነው ብዬ ነበር ያደመጥሁት። በሦስተኛው ከበሩ ወጥቶ ሄደ። ዲያቆናቱ ከመቀበላቸው በፊት በውጭ ያለው ሕዝብ ተቀበለኝ፤ ሲሰግድም ምድሩ ሲመታ በእግሬ ሥር ተሰማኝ። መነኩሲቷ መቋሚያቸውን ጥለው በግንባራቸው ወደቁ። ሲነሡ ወንበሩን አንሥቼ ወደ ምሰሶው ወሰድሁላቸው።

«አንተስ?» አሉ።

«እኔ ቆሜ አነብባለሁ፣ እማሆይ።»

«እንግዲያው ለእኔም አይሆንም። ሁለታችንም ካልተቀመጥን ምን ያደርጋል? አውጡት።»

ወንበሩን ታናሹ ወንድም ይዞት ወጣ። የዘጠኝ ሰዓቱን ንባብ ቆሜ አነበብሁ፤ የዐሥራ አንዱንም ቆሜ። ጉልበቴ አልተንቀጠቀጠም አልልም፤ ተንቀጥቅጦአል፤ ነገር ግን ያዘኝ። ድምፄ እየዋለ ጠራ። ፀሓይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ መጽሐፉን ዘግቼ ተሳለምሁት፤ ቄሶችና ዲያቆናት በአራቱ ማዕዘን የሚያደርሱት ምሕላ ተጀመረ። ቄሱ ያለ ድምፅ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ እኔ በእርሳቸው ፈንታ መራሁ።

ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ መጣ።

«ጫማቸውን ያነሡት ተመልሰው አስቀመጡት» አለ። «ወንዙን የተሻገረ አንድም የለም።» ወደ ወንዙ እያመለከተም ጨመረበት፤ «ከወዲያ ማዶ ድምፁን ሰምተው የመጡ ግን አሉ።»

ቄሱ ሳቁ፤ ሳቃቸውም ድምፅ አልነበረውም።

ሕዝቡ ወደየቤቱ ወረደ። የሊቀ መንበሩ ታናሽ ወንድም ከብቶቹን ሊያስገባ ሄደ፤ ሲሄድም ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ «መምህር፣ ከቀትር አልፈው ደረሱ» አለኝ። የቀረነው እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልና ውኃ ሳንቀምስ አክፍሎቱን ልንጠብቅ በቅጽሩ ውስጥ ተቀመጥን፤ ቄሱ፣ ሁለቱ ዲያቆናት፣ መነኩሲቷ፣ ሊቀ መንበሩና እኔ። ስድስት ነበርን።