የጀማሉ ቀኝ እጅ

በዚያ አገር ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በበዓል ነው፤ ጀማሉ ደግሞ በዓሉን የሚቆጥረው በወንዙ ነው። ጥምቀት ማለት ለእሱ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩበት ጊዜ ነው፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። አረፋ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንዳንድ ዘመን ክረምቱ መሃል እየወደቀ ሰውን ሲያስጨንቅ ኖሮ፣ አሁን አሁን አልሃምዱሊላህ፣ ከዋናው ዝናብ ቀድሞ ይገባል። መስቀል ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ወንዙ የክረምቱን ውሃ ገና ተሸክሞ ሳለ ይመጣል። ጉራጌ ደግሞ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ወይ ሞቷል ወይ ታስሯል ተብሎ ይለቀስለታል። እንግዲህ የጀማሉን ጭንቅ አስቡት።

ቀበሌዋ ከጉንችሬ የሚመጣው ሚኒባስ ወንዙ ዳር ደርሶ የሚቆምባት ናት፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ከወንዙ ወዲህ ቤቱ፣ እንሰቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ አለ፤ ከወንዙ ወዲያ ሚኒባሱ፣ ገበያውና አዲስ አበባ። ድሮ የግንድ ድልድይ ነበረ፤ አንድ ክረምት ወሰደው። ሌላ ተሠራ፤ እሱንም ወሰደው። ከዚያ በኋላ ድልድይ ሆኖ ያገለገለው የጀማሉ አባት ሰይዶ ነው፤ ሰው ጀርባው ላይ አዝሎ ይዋኝ ነበር ይባላል። ሰይዶ ሲያረጅ ልጁ የከባድ መኪና ጎማ ካላማዳሪ ነፋ፣ ዙሪያውን በገመድ ጠመጠመና የአባቱን ቦታ ያዘ። መንገደኛውን ጎማው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ገመዱን በቀኝ እጁ ይጨብጣል፣ በግራው ይዋኛል። ክርስቲያኑን ለመስቀል፣ እስላሙን ለአረፋ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ አታት ሆስፒታል ሲያሻግር ፂሙ ሸበተ። ለውሃው የሰጠው ሰው የለም። ይህ በሰው ፊት ሲነገርለት ደስ ይለዋል፤ ምን ይደበቃል።

ዘንድሮ ግን ጀማሉ ፈርቶ ነበር፤ ለዚያውም ክፉኛ።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ወተት ሲጠጣ ዋንጫው ከእጁ ወደቀ። ሚስቱ ዘይባ፣ «ምነው?» ስትለው፣ «አዳለጠኝ» አላት። በሳምንቱ አካፋው ወደቀ። «አታት ሄደህ ታይ» አለችው። «ብርድ ነው፣ መስቀል ይለፍ» ብሎ ዘጋት። ብቻውን ሲሆን ከጓሮ ገመድ አስሮ ይጎትታል። ጣቶቹ ይታዘዙታል፤ ደስ ይለዋል። ዞር ብሎ ሲያይ ደግሞ ተከፍተው ያገኛቸዋል። ቢያመው እንኳ በተሻለ፤ እጁ ሲከፈት አይነግረውም። ለማን ይናገር? እሱ ካላሻገረ የሚያሻግር የለም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ደግሞ ሻንጣውን እያሰረ ነው።

ለመስቀል የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን ደረሰ፤ እርዱ በማግስቱ ነው። ጠዋት ውሃው ለዘብ ብሎ ስለነበር፣ በየጉዞው ቀኝ እጁን እያየ፣ የደረሰውን ሰው ሁሉ አሻገረ። ከሰዓት በኋላ ላይኛው አገር ዘነበ መሰለኝ፣ ወንዙ ደፍርሶና ግንድ ተሸክሞ መጣ። ያኔ ነው በወዲያኛው ዳር ሁለት ሰዎች ብቅ ያሉት።

አንዱ አምሀ ነው፤ የጎረቤቱ የፊልጶስ በኩር ልጅ፣ መርካቶ ጨርቅ የሚሸጠው። ሁለተኛዋ ናዝራዊት፣ አዲሷ ሙሽራው ናት። አማቶቿ ፊት የምትቀርበው በዚህ መስቀል ነው። የአምሀ እናት ዓለምዘውድ ከቀትር ጀምራ ዳሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጀማሉ ወንድሜ፣ ልጆቼ መጡ! ግባ እንጂ!»

ገባ። ባዶውን ጎማ ይዞ ተሻገረ፤ እጁም ያዘለት። አምሀ አቅፎ ሳመውና፣ «መጀመሪያ እሷን፣ ጋሼ» አለው። ናዝራዊት ውሃውን አየች፣ እሱን አየች።

«ጋሼ፣ ወንዙ ሰው ወስዶ ያውቃል?»

«እኔ እያለሁ? አንድም።»

እውነቱን ነው። ጎማው ላይ አስቀመጣት፣ ቢስሚላህ ብሎ ገባ። ዓይኑን ከቀኝ እጁ ላይ አልነቀለም፤ ያዝ፣ ያዝ እያለ በልቡ ይለምነዋል። መሃል ሲደርሱ አንድ ግንድ ወደ እነሱ ዞረ። ጀማሉ ግንዱን አየ። ያችን ታህል ነው ዓይኑን ያነሳው። ዓይኑን ሲመልስ ጎማው ከእሱ እየራቀ ነበር። እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ውሃው ላይ ተከፍቶ ተንሳፍፏል።

ሊጮህ ሲል ውሃ ዋጠ። ጎማው ይሽከረከር ጀመር። አለቀች፣ የሰው ልጅ በላሁ አለ በልቡ፤ ሌላ ሐሳብ አልመጣለትም። ከዚያ ጎማው ዞሮ ወደ እሱ ሲመልሳት ናዝራዊት ወደ ፊት ተደፍታ የእጁን አንጓ ያዘች። በሁለት እጇ ጎትታ የሞተውን እጁን ገመዱ ላይ ጣለችና በደረቷ ተጫነችው። በግራ እጁና በእግሩ ብቻ እየታገለ፣ ከሁልጊዜው መውጫ ብዙ ዝቅ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ አወጣት።

ዳር የነበረው ሰው ያየው ጎማው ትንሽ መውረዱን ብቻ ነው። ዓለምዘውድ እልል እያለች ደርሳ ሙሽራዋን በጭቃዋ አገላብጣ ሳመቻት። ጀማሉ ጎማውን ከውሃው ጎትቶ አወጣ።

«በል አሁን አምሀን!» አለችው ዓለምዘውድ።

ጎማውን አነሳ። ናዝራዊት መንገዱ ላይ ቆመች።

«አይግቡ!» አለች። ወደ ሰዉም ዞራ፣ «እጃቸው አይይዝም። ለቀቁኝ፤ አይቻለሁ» አለች።

ገና ደጃፍ ያልረገጠች ሙሽራ እንዲህ ስትናገር ሰዉ ክው አለ። ዓለምዘውድ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጀማሉን ታያለች። «ምንድን ነው የምትለው?»

ጀማሉ «ደንግጣ ነው» ማለት ይችል ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቢለው ሁሉም ያምነዋል፣ ስሙም አይነካም። በወዲያኛው ዳር አምሀ ለእናቱ ያመጣውን ጥቅል ከፍ አድርጎ ያወዛውዛል።

«እውነቷን ነው። እጄ ከድቶኛል» አለ ጀማሉ። «ፈራሁ።»

«ፈራሁ? የስንቱን ልጅ አሻግረህ ለእኔ ልጅ ሲሆን ፈራሁ? ለመስቀል ልጄን ሜዳ ልታሳድርብኝ? አንተ የሰይዶ ልጅ ነህ?»

የመጨረሻዋ ቃል ልቡ ውስጥ ገባች። ጎማው ላይ ተቀመጠበት፤ ማንም እንዳይወስደው። አምሀን በእጅ ምልክት ወደ ጉንችሬ ተመለስ አሉት። አምሀ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። በዋና ሊመጣ ነው! መርካቶ ቁጭ ብሎ የከረመ ልጅ! ናዝራዊት መሬት ላይ ተንበርክካ እየጮኸች ለመነችው። ብዙ ቆይቶ ጫማውን አጥልቆ አቀበቱን ወጣ። እንባውን ሲጠርግ ከዚህ ይታያል።

በማግስቱ በየቤቱ ቢላዋ ሲሳል ፊልጶስ በሬውን ፈታ። «ልጄ ሳያየኝ አላርድም» አለ። በሬውን በጀፎረው መሃል፣ በዚያ ሰፊ የመንደር መስክ ላይ፣ እየነዳ ወደ ወንዙ ወረደ። ሰዉ መጀመሪያ አበደ አለ፤ በኋላ አንድ በአንድ ተከተለው። ጀማሉም ከኋላ ከኋላ ሄደ። ዓለምዘውድ አላየችውም፤ ወይም ላታየው ወስናለች።

ወንዙ ከትናንቱ ብሶበት ነበር። አምሀ በወዲያኛው ዳር ጥቅሉን ታቅፎ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ድምፃቸው ወንዙን ይሻገር ዘንድ እየጮኹ መረቁ። ለከርሞ ያድርሰን ሲሉ ከወዲህ ያለው ሕዝብ አሜን አለ። አምሀም ከወዲያ አፉ ሲንቀሳቀስ ታየ። ከዚያ ጥቅሉን ራሱ ላይ ሰቅሎ ወደ ፊት ተራመደ።

ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ዋጠ፣ ከዚያ ጉልበቱን። የጮኸችው ዓለምዘውድ ናት። ነጠላዋን ጥላ ውሃው አፍ ድረስ ሮጠች።

«ተመለስ! አምሀ! አልፈልግህም፣ አትምጣብኝ! እዛው ቁም ልጄ፣ እዛው ቁምልኝ!»

አምሀ ቆመ። ወንዙ ልብሱን ሲጎትተው ለሁሉም ይታያል። ከዚያ አንድ እግሩን ወደ ኋላ፣ ወደ መጣበት ዳር መለሰ።