ምስማር የሌለው ጠረጴዛ

ባለፈው እሑድ ቦሌ ቡልቡላ፣ በልጅ ልጃችን ሰርግ ላይ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጥ አድርጌ ጎንበስ ስል ባለቤቴ አልማዝ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ዛሬ እንኳ ይቅርብህ!» እውነቷን ነው። ጉልበቴ ታጠፍ ሲሉት እሺ ይላል፤ ተዘርጋ ሲሉት ግን ስብሰባ ይጠራል።

በወጣትነቴ የቦሌ ሚካኤል እንጨት ሠራተኞች ማኅበር አባል ነበርኩ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ተክሌ፣ የአልማዝ አባት፣ ኮስታራ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ወድጄ፣ ሽማግሌ ለመላክ ወኔ አጥቼ ስንከራተት፣ አንድ የጥንት መኳንንት ቤት ታድሶ ሲመረቅ ማኅበራችን ተጋበዘ። ክረምት ነበርና ጭቃውን በባዶ እግራችን ተሻግረን፣ አስፋልት ዳር ጫማችንን አጥልቀን በውይይት ታክሲ ሄድን።

ጋሽ ተክሌ በሩ ላይ አስቆሙን። «ስሙ! ወንበር መገልበጥ፣ መሳቢያ መጎተት፣ እንጨት ማንኳኳት የለም። ያዋረደኝን ሰው ደጄ እንዳላየው!» ዐይናቸው እኔ ላይ ቀረ። ደጃቸው ደግሞ የአልማዝ ደጅ ነው።

በጥብሱ ሽታ እየተጽናናሁ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ምን ዋጋ አለው! የተቀመጥንበት የዋንዛ ጠረጴዛ፣ የጨርቁ ጫፍ ገለጥ ሲል ባየው፣ ከዳር እስከ ዳር አንዲት የምስማር ራስ አይታይበትም። እጄ ሳላዘው ከስር ገብቶ ዳሰሰ። እዚያም የለም። ንግግር ሲጀመር ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ መድረኩ ዞረ። እኔ መሐረቤን ጣልኩና ላነሳ መስዬ ጨርቁ ስር ጠለቅሁ።

በአራት እግሬ ስድህ ከሰው ግንባር ጋር ተጋጨሁ። ጋሽ ተክሌ! ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው የጠረጴዛውን እግር ማጋጠሚያ በጥፍራቸው ይቧጥጣሉ።

«አንተ! ምን ብዬ ነበር?» ብለው አንሾካሾኩ።

«ጋሼ፣ ምስማር የለውም።»

«አውቃለሁ! በእንጨት ሽብልቅ ነው የያዙት። ንካው እስቲ።»

ነካሁት። ወዲያው ከላይ ጭብጨባው ቀለጠና እንግዳው ተመልሶ ተቀመጠ። ዙሪያችን ጫማ ብቻ ሆነ።

«አሁን በየት እንወጣለን?» አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ሲለሰልስ ሰምቼ አላውቅም።

«ጋሼ... ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር።»

«እዚህ?!»

«ሌላ ቦታ እኮ አልደፍርዎትም።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «ላክ። ግን አንተ ቅደም፤ ሰው ባንተ ሲስቅ እኔ በወዲያ በኩል እወጣለሁ።»

መሐረቤን እያውለበለብኩ ከሁለት ወይዘሮዎች መሃል ብቅ አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከማዶ፣ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ፣ «አሳፈረን እኮ ይሄ ልጅ!» ብለው ከሁሉ በላይ የጮኹት ጋሽ ተክሌ ናቸው። እስከዚያ ቀን እፈራቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወደድኳቸው።

የሰርጉ ጠረጴዛ እግሩ ብረት፣ ማሰሪያው ብሎን ነው። «ደግሞ እዚህ ስር ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ አልማዝ።

«አባትሽን» አልኳት።

አልማዝ ግራ ቀኝ ቃኝታ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ እሷም የጨርቁን ጫፍ ገለጠችና ጎንበስ አለች።