የባርጋቪ ፍሪጅ የማይመልሰው ጥያቄ

ባርጋቪ ጎረቤቴ ናት። ቤቶቻችንን የሚለያቸው አንድ ጠባብ የውሃ ቦይ ነው፤ በላዩ ላይ በተጋደመው የኮኮናት ግንድ እየተሻገርን እንጠያየቃለን። ታናሽ ወንድሟ ሱኩማራን “ቼቺ” እያለ ስለሚጠራት፣ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ እንደ ታላቅ እህቱ ቼቺ ይላታል። ለማያውቃት ክፉ ትመስላለች። ክፉ አይደለችም፣ ሰው አታምንም እንጂ። ዓሣ ስትገዛ ዓይኑን በጣቷ ተጭና ነው፤ ወተት ሲመጣላት ጠብታውን ጥፍሯ ላይ አድርጋ አወራረዱን ታያለች።

የኮኮናት ዘይት ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። እኛ ዘንድ ዘይት የሚፈተነው በፍሪጅ ነው። ንጹሕ ከሆነ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ሌላ ዘይት ከተቀላቀለበት ያልረጋው ከላይ ይንሳፈፋል። የባርጋቪ ፍሪጅ ያዋረደው ነጋዴ ብዙ ነው።

ሱኩማራን ጀልባ ሠሪ ነበር። አምና ልቡን ታሞ ሐኪሞች የተዘጋ የደም ሥሩን ከፈቱለት፤ ከዚያ ወዲህ ለደሙ ስብ በየቀኑ ክኒን ይውጣል። ክኒኑ ጭኔን ያመኛል እያለ ያማርራል። ባርጋቪ ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም።

ሺቡ የሚባለው ነጋዴ በሞተር ሳይክል ዘይት ጭኖ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

“ቼቺ፣ ወንድምዎ ይኼን በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ማንኪያ ይጠጡ። ልብ ያጸዳል፣ ስኳር ያወርዳል፣ መርሳትን ያጠፋል!”

“እንግዲያው አንተ ጠጣው። ባለፈው የሸጥክልኝ መጥበሻ እጀታው መውለቁን ረስተኸዋል።”

ሺቡ ሳቀ። “አያቶቻችን ይኼንኑ በልተው አይደል ዘጠና ዓመት የኖሩት?”

“በልጅነታቸው የተቀበሩትንስ ማን ቆጠረልህ?”

ቢሆንም ጠርሙሱን ገዝታ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ጠርታ አሳየችኝ፤ ከታች እስከ ላይ ነጭ ሆኗል። “አየሽ፣ አልዋሸም” አለችኝ። ሰው ስታምን ያየኋት ያኔ ነው። ክኒኑም በዚያው ቀረ። ሱኩማራን ዘይቱን እየጠጣ “ጭኔ ለቀቀኝ” ይል ጀመር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሊላማ ቤት ለቤት ስትዞር ያልተከፈተ የክኒን ካርቶን እነ ባርጋቪ መስኮት ላይ አገኘች።

“ይኼ ለምን አልተነካም?”

“ክኒን ባዘዛችሁ ቁጥር ኮሚሽን አላችሁ ይባላል” አለች ባርጋቪ። “ዘይቱን ፈትኜዋለሁ፤ ረግቷል።”

“መርጋቱ ሌላ ነገር እንዳልተቀላቀለበት ነው የሚነግርዎ፣ ቼቺ። ወንድምዎ ደም ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውን ፍሪጅዎ በምን ያውቃል?”

ባርጋቪ ዞራ ፍሪጁን አየችው፤ ሊላማ ቀጠለች።

“ለፀጉርና ለቆዳ ማንም አይከራከርዎትም። ለልብ ግን፣ በሰው ላይ በተሠሩት ጥናቶች ጥሩውን ስብ ከፍ ቢያደርግም መጥፎውንም አብሮ ይጨምረዋል። የመርሳቱ ነገር ገና በቂ ማስረጃ የለውም።”

“ያንቺንስ ወሬ ማን ፈተነው?”

“እኔን አይመኑኝ። ደሙን ያስመርምሩ።”

ይህች ነገር ባርጋቪን ገባቻት። በማግስቱ ወንድሟን እየጎተተች ጤና ጣቢያው ወሰደችው። የመጥፎው ስብ ቁጥር ካለፈው በጣም አሻቅቦ ተገኘ።

“በቃ፣ ዘይቱ ነው!” አለ ሱኩማራን ደንግጦ።

“ቆይ አትቸኩል። ክኒኑንም አቁመሃል። ሁለት ነገር ባንዴ ነካክተን የትኛው እንደጎዳህ በምን እናውቃለን?” ባርጋቪ ይህን ብላ ወደ ሊላማ ዞረች። “አንቺስ ታውቂያለሽ?”

“ከዚህ ከአንዱ ምርመራ? አላውቅም።”

ባርጋቪ ሊላማን በደግ ዓይን ያየቻት ያን ጊዜ ነው። “እኔም ልወቅ ብዬ በወንድሜ ልብ አልጫወትም” አለች። ለሐኪሙ የጭኑን ሕመም ራሷ ነገረችው፤ ሐኪሙም ክኒኑን በሌላ ዓይነት ቀየረለት።

ሺቡ ተመልሶ ሲመጣ በር ላይ ጠበቀችው። “ያንተ የደም ስብ ስንት ነው?”

“እኔማ ተመርምሬ አላውቅም፣ ቼቺ።”

“እንግዲያው ራስህ ጠጥተህ፣ ተመርምረህ ና።”

የተረፈው ዘይት አልተደፋም። ጠዋት ጠዋት ከቦዩ ማዶ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ሱኩማራን ደረጃው ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ ራሱን ታሸዋለች። ከዚያ ክኒኑን ትሰጠዋለች።

“አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።”

“ቼቺ፣ እኔ ስድሳ ያለፈኝ ሰው!”

“ስድሳውንም ዓመት ስትዋሸኝ ነው የኖርከው። አንሳ።”

ያነሳል። እሷም ጎንበስ ብላ ከምላሱ ሥር ታያለች።