ከንፈር የሚወጋ ላባ ፍለጋ፦ ከአምቦ እስከ ጌዶ

ማለዳ፣ አምቦ

ከአዲስ ዓለም እስከ ነቀምቴ ባለው መንገድ፣ የዶሮ ላባ አይቶ «ይህ ይንሳፈፋል፣ ይህ ይሰምጣል» ብሎ የሚፈርድ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ትናንት ይህንኑ በጌታሁን ፊት ከተናገርኩ በኋላ በገዛ እጄ የሠራኋትን ዝንብ ሳፋ ውሃ ላይ ጣልኳት። ድንጋይ እንኳ ትንሽ አመንትቶ ነው የሚሰምጠው። እሷ አላመነታችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሌ ወንዞች ውስጥ ፈረንጆች አምጥተው የለቀቁት ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ኩሩ ነው፤ ውሃ ላይ ያረፈች ዝንብ ካላየ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ መንጠቆ ላይ ላባ በክር ይጠመጠምና ዝንብ ይመስላል። ይህን ያስተማረኝ እዚሁ አምቦ መምህር የነበረ ፈረንጅ ነው። አብዮቱ ሲመጣ አገሩ ገባ፤ ትቶልኝ የሄደውን የላባ ሳጥን ብል በላው። ከውጭ ላስመጣ ብል ደመወዜ ከነልጅ ልጁ አይበቃም። ስለዚህ ትራሴን ቀደድኩ። ትናንት የሰመጠችው የትራሴ ልጅ ናት።

ጌታሁን የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነው። ነገ ለሥራ በላንድሮቨር ወደ ባሌ ይወርዳል፤ አንድ ወንበር ባዶ አለ። እኔም ፈቃድ ወስጃለሁ።

«ስማ፣» አለኝ ሳፋውን እያየ፣ «ዓሣ በአፍ አይያዝም። እስከ ማታ የሚንሳፈፍ ነገር ካላመጣህ ወንበሩ የሒሳብ ሹሙ ነው።»

ሒሳብ ሹሙ በትል ነው የሚያጠምደው። በትል ለሚያጠምድ ሰው ወንበር ከመልቀቅ ሞት ይሻላል። ሞት ባይሻል እንኳ ጌዶ ድረስ መሄድ ይሻላል። ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። አውቶቡሱ ሲነሳ ጣሪያው ላይ የታሰረው ፍየል ከሞተሩ በላይ ይጮኽ ነበር።

ረፋድ፣ ጉደር

የአውቶቡሱ ሹፌር ቁርሱን ሊበላ ሲወርድ እኔ ወደ ገበያው ሮጥኩ። ሸንኮራ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጨው ክምር። ከዚያ ወዲያ ዶሮዎች፣ እግራቸው ተጠፍሮ።

ለማያውቅ ልንገር። የሚፈለገው የሸመገለ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ። የሴቷ ላባ ለስላሳ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። መለኪያው ከንፈር ነው፦ ላባውን ገልብጦ ከንፈር ላይ ማሸት። ከወጋ ያንሳፍፋል፤ ከመኮርኮር በቀር ምንም ካላደረገ ወደ ትራስ ይመለስ።

አዴ ጫልቱ የሚሏት ሴትዮ ቀይ አውራ ዶሮ ይዛለች። ተቀምጬ የዶሮውን አንገት ገለጥኩ፤ አንድ ላባ በቀስታ ነቅዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከንፈሬን አሸሁ።

«ማነው ያዘዘልህ?» አለችኝ።

«ማንም አላዘዘልኝም። ለዓሣ ነው።»

«ዓሣ ዶሮ ይበላል?»

«ዶሮውን አይበላም፣ እናቴ። የአንገቱን ላባ ዝንብ መስሎት ነው የሚበላው። ዶሮው ላንቺ ይቅር፤ እኔ ላባውን ብቻ ልግዛ።»

ነጠላዋን አውልቃ ዶሮውን ሸፈነችው። «እኛ ጌታን ያገኘን ሰዎች ነን። ለቃልቻ ዶሮ አንሸጥም። ላባውን ብቻ የሚል ደግሞ ከሁሉም የባሰ ቃልቻ ነው። ይማርህ።»

ከጎኗ ያሉት ሴቶችም ዶሮዎቻቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ። አንዷ ለእኔ መጸለይ ጀመረች፤ ያውም ረጅም ጸሎት። የጉደር ገበያ እንዲህ ተዘጋብኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ወሬው ቀድሞኝ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሹፌሩ ማርሽ እየቀየረ በመስታወቱ አየኝ።

«ጋሼ፣ አይፈሩ። የእኔም አማት በዶሮ ነው የዳነችው። ጌዶ ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ገብስማ አውራ ዶሮ አላቸው። ብቻ ስለ ዓሣ አያውሩ። በሽታዎን በግልጽ ይናገሩ።»

ቀትር፣ ጌዶ

ጌዶ ስወርድ ንፋሱ ጆሮዬን ቆርጦ ኪሱ ከተተ። ኦቦ ዲንቃ ከገበያው ዳር፣ አጥራቸው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ገብስማው ከጎናቸው እንደ አውራጃ አስተዳዳሪ ይንጎራደዳል። በጥቁርና በነጭ የተሰባጠረ የአንገት ላባውን ሳይ ምራቄን ዋጥኩ።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ዲንቃ።»

«ፈያዳ። አይሸጥም» አሉ፣ ገና ስለ ዶሮው ሳላነሳ። «ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሰዓቴ ነው።»

«ዶሮውን አይደለም፣ አባባ። ከአንገቱ ጥቂት ላባ ብቻ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ማል ታቴ? ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ?»

እውነት መናገር አንድ ሙሉ ገበያ እንዳስከፈለኝ አሰብኩ። ሒሳብ ሹሙ ከነትል ጣሳው ላንድሮቨር ውስጥ ተመቻችቶ ታየኝ።

«ትከሻዬን ያመኛል። አንድ አዋቂ ነው የላከኝ።»

ትከሻዬ እንኳ እውነት ነው። ቀኙ ክረምት ከበጋ ያመኛል፤ የዓሣ ዘንግ ስወረውር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። አዋቂውን ግን እዚያው ነው የወለድኩት።

«ሰነፍ አዋቂ ነው» አሉ። «ሳይዞርብህ ላባው ምን ይሠራል? ተንበርከክ።»

ተንበረከክሁ። ገብስማውን አንስተው በራሴ ዙሪያ አዞሩት፤ ደጋግመው፣ በአፋን ኦሮሞ እየመረቁ። ዶሮው በክንፉ በጥፊ መታኝ፤ ኮሌታዬ ላይም የራሱን ምርቃት ጨመረ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ከመካከሉ አምቦ የማውቃት ሽንኩርት ነጋዴ አንገቷን አሰገገች።

«ይሄ ሰኞ ሰኞ ቀበሌ ስለ ጎጂ ልማድ የሚያስተምረን ጓድ አይደል?»

«ወንድሙ ነኝ» አልኩ፣ እንደተንበረከክሁ።

«እሱ ያውቃል?»

«ቢያውቅ ይገድለኛል።»

ኦቦ ዲንቃ ገብስማውን እያባበሉ አንድ ጭብጥ ላባ ነቅለው ሰጡኝ። ከንፈሬ ላይ አሸሁት፤ እንደ ቆንጥር ወጋኝ። ብር ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ እጄን ያዙኝ። «ለበሽተኛ አልሸጥም። ሂድ፣ ተኛ።»

አመሻሽ፣ አምቦ

በእህል መኪና ጆንያ ላይ ተጭኜ ገባሁ። ኩራዝ አጠገብ ተቀምጬ አንዲት ዝንብ ሠራሁ። ጌታሁን ሳፋውን አቀረበ፤ ሒሳብ ሹሙም ሊስቅ ተዘጋጅቶ መጣ።

ዝንቧ በላባዋ ጫፍ ውሃው ላይ ቆመች። ጌታሁን ሻዩን ፉት እያለ ጠበቀ። ሻዩ አለቀ፤ እሷ እንደቆመች ናት። በጣቱ ውሃውን ረበሸው፤ እየተወዛወዘች ተመልሳ ቆመች።

«ወንበሩ ያንተ ነው» አለኝ። «በል እስቲ ደግሞ ወርውር፤ ባሌ ሄደህ እንዳታሳፍረኝ።»

ሒሳብ ሹሙ ደህና እደሩ ሳይል ወጣ። ግቢው ውስጥ ዘንጉን ይዤ ወረወርኩ። ደገምኩ። አሁንም ደገምኩ፤ ከዚያ ቀኝ ትከሻዬን ይዤ ቆምኩ።

«ምነው ቆምክ?» አለ ጌታሁን።

«ምንም።»

ምንም አልነበረም፤ እውነቴን ነው። የክሊኒኩ ቅባትና መርፌ ሕመሙን ያልነቀነቁለት ትከሻ አልተንቋቋም፣ አላመመኝም። እስከ ዛሬም ምንም አላለኝም። እኔ ሰኞ ሰኞ ስለ ጎጂ ልማድ የማስተምረው ሰውዬ በገብስማ አውራ ዶሮ ድኛለሁ፤ የሚቆጨኝም ተንበርክኬ ሳለሁ ጉልበቴንም እንደሚያመኝ አለመናገሬ ብቻ ነው።